ከቫዝሊኑ በፊት ይጠይቁ፤ በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ የሚሆን ማለስለሻ

የዛሬው ርዕሳችን ቡና ላይ የሚነሳ አይደለም። ምርመራ ክፍል ውስጥም ቢሆን ቀጥ ብሎ አይመጣም። ከግራና፣ ከመርሳ ወይም ከወልዲያ ዙሪያ የምትመጣ እናት አብዛኛውን ጊዜ «ወገቤን ያመኛል» ወይም «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ብላ ትጀምራለች። ሽንቷ ይመረመራል፣ ምንም አይገኝበትም። ወረቀቷን ይዛ ለመውጣት ስትነሳ ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ከባለቤቴ ጋር ስሆን ነው የሚያመኝ» የምትለው። ይህንንም ሳትናገር የምትሄድ አለች። እሷ ለሦስተኛ ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዞላት ትመለሳለች።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ማቃጠልና መሰንጠቅ ሴት ልጅ ችላው እንድትኖር የተጣለባት ዕዳ አይደለም። በብዙዎቹ ዘንድ ድርቀት አለበት፤ ድርቀት ደግሞ በቀላሉ ሊረዳ የሚችል ነገር ነው። ችግሩ፣ መፍትሔ ተብሎ ከቤት የሚነሳው ቅባት ወይም ከፋርማሲ መደርደሪያ በዘፈቀደ የሚገዛው ቱቦ ቆዳቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሰዎችን ይበልጥ ሲጎዳ መታየቱ ነው። ስለዚህ ማለስለሻ የሚመረጥ ነገር ነው፤ ምርጫውም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም።

ድርቀቱ ከየት ይመጣል? የሴት ብልት ግድግዳ ውፍረቱንና እርጥበቱን የሚጠብቅለት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሴቷ ስትነሳሳ ወደ አካባቢው የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ከደሙም ውሃማ ፈሳሽ በግድግዳው በኩል እንደ ላብ ይወጣል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ባል የቸኮለ እንደሆነ የትኛውም ቱቦ የሚተካው አይደለም፤ ይህን ለወንዶች አንባቢዎቼ ነው የምለው።

ሆርሞኑ ሲቀንስ ግን ጊዜ መስጠቱ ብቻ አይበቃም። ጡት በማጥባት ላይ ያለች እናት ኢስትሮጅኗ ዝቅ ይላል፤ በእኛ አገር ማጥባቱ ሁለት ዓመት ያህል ስለሚዘልቅ ድርቀቱም አብሮ ሊቆይ ይችላል። ወር አበባ ሲቋረጥ፣ ማለትም በአብዛኛው 50 ዓመት ገደማ ላይ፣ ሆርሞኑ ለዘለቄታው ይወርዳል። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይህን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባለትዳር ከሆኑ ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ እንደሚጠቀሙ፣ ከሁሉም ብልጫ ያለውም መርፌው መሆኑን፣ እሱም 23 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። መርፌውን ይተዉት እያልኩ አይደለም። ነገር ግን መርፌው የሚወጋበት ክፍል ውስጥ «ድርቀት ወይም ህመም ይሰማሻል?» የሚል ጥያቄ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በጀት አያስፈልገውም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ስኳር በሽታ፣ ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለድብርትና ለነርቭ ህመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ያደርቃሉ። የግርዛት ጠባሳም አለ። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት በአማራ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 62 በመቶ ገደማ የተገረዙ ናቸው። ጠባሳ እንደ ጤናማ ቆዳ አይለጠጥም፤ በጥቂት ሰበቃ ይሰነጠቃል። ለእነዚህ እናቶች ለስላሳና የማይቆጠቁጥ ማለስለሻ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ቤታችን መደርደሪያ እንምጣ። መጀመሪያ የሚነሳው ቫዝሊን ነው፤ ቀጥሎ የምግብ ዘይት፣ ለጋ ቅቤ፣ የሕፃናት ቅባት፣ ምንም ከሌለ ምራቅ።

ኮንዶም ለሚጠቀም ሰው የመጀመሪያዎቹ አራቱ ፈጽሞ አይሆኑም። ኮንዶም በአብዛኛው የሚሠራው ከላቴክስ ጎማ ነው፤ ዘይትና ቅባት ደግሞ ላቴክስን ያሟሟዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት የማዕድን ዘይት የነካው ኮንዶም በ60 ሰከንድ ውስጥ ከጥንካሬው 90 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አሳይቷል። ቫዝሊንም የሚሠራው ከዚሁ ከነዳጅ ወገን ነው። ከባልና ሚስት አንዳቸው ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለና ኮንዶሙ መተማመኛቸው ከሆነ፣ ለድርቀት ብለው የቀቡት ቫዝሊን መተማመኛውን ራሱን ይቀድባቸዋል። እነሱ ግን ያዩት ነገር የለም፤ ኮንዶሙ ሲቀደድ «ጥራቱ ነው» ይላሉ።

ኮንዶም የማይጠቀሙ ባለትዳሮችስ? እዚህ ላይ እንደ አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥብቅ አይደለሁም። ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን በውጭኛው የብልት ከንፈር ላይ በስሱ ቢቀባ ደረቅ ቆዳን ከሰበቃና ከሽንት ማቃጠል ይከላከላል፤ የቆዳ ሐኪሞችም ለዚህ ያዙታል። ወደ ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። በውሃ አይታጠብም፣ ይቆያል፤ ቫዝሊን ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ሴቶች ላይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያመጣው የባክቴሪያ መዛባት በብዛት ታይቷል። ለጋ ቅቤ ደግሞ ምግብ ነው፤ ይበላሻል፣ በእጅና በዕቃ የሚነካካ ነው። ለፀጉር መልካም የሆነው ሁሉ ለብልት መልካም አይሆንም። ከጓሮ ተቆርጦ የሚቀባው እሬት ቢጫ ፈሳሹ ቆዳ የሚያቆጣ ስለሆነ ይቅር። ምራቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ከአፍ የሚመጡ ተዋስያንንም ይዞ ይሄዳል።

የሚገዛውስ? መነሻችሁ በውሃ የተሠራው ዓይነት ይሁን። ከኮንዶም ጋር ይስማማል፣ በውሃ ይለቃል፣ ልብስ አያበላሽም። ነገር ግን በውሃ የተሠራ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች ይለዩታል።

የመጀመሪያው አሲድነቱ ነው። ጤናማ የሴት ብልት በትንሹ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ከ3.8 እስከ 4.5 ይደርሳል። ይህን ኮምጣጣነት የሚጠብቁት በውስጡ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። እርጎ የረጋበትን ቅል በሳሙና ፈትጋችሁ ብታጥቡት የሚቀጥለው ወተት እንደልቡ እንደማይረጋ ታውቃላችሁ፤ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ማለስለሻው ላይ ፒኤች ከተጻፈ 4.5 አካባቢ ያለውን ይምረጡ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጥሬ ሥጋ ላይ ጨው ሲነሰንሱ ውሃው እንደሚወጣ ቋንጣ የሰቀለ ሁሉ ያውቃል። ማለስለሻም በውስጡ የሟሟው ነገር ከበዛ ከብልት ግድግዳ ውሃ ይስባል። ለጊዜው ያረጠበ ይመስላል፤ ከቆይታ በኋላ ግን ግድግዳውን አድርቆ፣ ላዩን አላቅቆ ይተወዋል። «ስጠቀመው ደህና ነው፣ በነጋታው ነው የሚያቃጥለኝ» የሚሉኝ ሴቶች ምክንያታቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ይህ የመሳብ ኃይል ኦስሞላሊቲ በሚባል መለኪያ ይለካል፤ የሰው ደም 290 ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር ማለስለሻ ቢቻል ከ380 እንዳይበልጥ፣ ገበያው ካልፈቀደ ግን ከ1200 እንዳያልፍ አሳስቧል። በየአገሩ ሲሸጡ ከኖሩት መካከል ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ አሉ።

ይህ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? የቅመሞቹን ዝርዝር ያንብቡ። ብዙ የገባው ቅመም ቀድሞ ይጻፋል። ከውሃ ቀጥሎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ካለ፣ ያ ቱቦ ውሃ የሚስበው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል ከዚህም ሌላ በቀላሉ በሚቆጣ ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል። ግሊሰሪን ፈንገስ ያመጣል የሚባለው ወሬ እኔን በበቂ አላሳመነኝም፤ ፈንገስ የሚመላለስባት ሴት ግን የሌለበትን ብትመርጥ ምንም አትጎዳም። መዓዛ፣ ቀለም፣ የፍራፍሬ ጣዕም፣ «የሚያሞቅ» ወይም «የሚያቀዘቅዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ይተዉት፤ ማሞቂያው ቅመም ለስስ ቆዳ እንደ ሚጥሚጣ ነው። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውም የጀርም መግደያ ነው፤ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ከክፉዎቹ አይለይም።

እዚህ ላይ በፋርማሲዎቻችን በሰፊው የሚታወቀውን ኬዋይ ጄሊን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ይህ ጄል እ.ኤ.አ. በ1904 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ለሐኪሞች መሣሪያ ማለስለሻ ተብሎ ነበር። የቆየው ዓይነት ግሊሰሪንም ክሎርሄክሲዲንም አለው። ለአንድ ጊዜ ምርመራ ችግር የለውም፤ ቆዳው ለማይቆጣ ሰውም ከቫዝሊን ይሻላል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጠቀምና ለሚያቃጥለው ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። በዚሁ ስም ብዙ ዓይነት ስለሚሸጥ ዝርዝሩን ማየት ነው። ለአልትራሳውንድ የሚቀባው ጄል ደግሞ ለሆድ ቆዳ እንጂ ለውስጥ የተሠራ አይደለም።

ከሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻም አለ። ውሃ የለውም፣ ስለዚህ ውሃ አይስብም፤ ቅመሙ ጥቂት ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላቴክስ ኮንዶምም ጋር ይስማማል። እንዲያውም ብዙ ኮንዶሞች ከፋብሪካ ሲወጡ የተቀቡት ይህንኑ ነው። በጣም ለሚቆጣ ቆዳ እኔ ይህን እመርጣለሁ። እንከኑ በትልልቅ ከተሞች ካልሆነ እንደልብ አለመገኘቱና ለማስለቀቅ ሳሙና መጠየቁ ነው።

የውጭ ቋንቋ ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ አንድ ቀላል መንገድ ልጠቁም። ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ለፋርማሲ ባለሙያው ስጡት። «በውሃ የተሠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ማደንዘዣ የሌለበት፣ ግሊሰሪኑ ያነሰ» ካላችሁት ይበቃዋል። ቃሉን ጮክ ብሎ መናገር ሲያሳፍር ወረቀት ይረዳል። እግረ መንገዴን ለፋርማሲ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ዕቃ «የወንድ ኃይል» ከሚባሉት ስፕሬዮች ጎን አታስቀምጡት። የ55 ዓመት እናት እዚያ መደርደሪያ ፊት አትቆምም።

ማደንዘዣ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሊዶካይን ያለበትን ጄል ለህመሙ ብለው የሚገዙ አሉ፤ «ማዘግያ» ተብለው ለወንዶች የሚሸጡ ስፕሬዮችም ብዙዎቹ ማደንዘዣ ናቸው፤ ወደ ሴቷም ይተላለፋሉ። ህመም ቆዳው እየተሰነጠቀ መሆኑን የሚነግር ደወል ነው። ደወሉን ማጥፋት መሰንጠቁን አያስቆምም።

የገዙትን ቱቦ ወዲያው ወደ ዋናው ቦታ አይውሰዱት። ጥቂት ጠብታ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ካልቀላና ካላሳከከ በውጭኛው የብልት ቆዳ ላይ ትንሽ ይሞክሩ፤ ከዚያ ወዲያ ይጠቀሙበት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ለመነሻ ይበቃል። በመሃል ሲደርቅ ሌላ ከመጨመር በፊት ጥቂት ንጹህ ውሃ ጠብ ማድረግ መልሶ ያረጥበዋል፤ ገንዘብም ያድናል።

ልጅ የሚፈልጉ ባለትዳሮች ግን ልብ ይበሉ። ብዙዎቹ ማለስለሻዎች፣ ምራቅም ጭምር፣ በቤተ ሙከራ ሲታዩ የወንድ ዘርን እንቅስቃሴ ያዳክማሉ። ለመፀነስ በሚሞከርባቸው ቀናት በትንሹ መጠቀም ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን መጠየቅ ይሻላል። ኖኖክሲኖል የሚባል የዘር መግደያ ያለበትን ማለስለሻ ወይም ኮንዶም ደግሞ ማንም አይምረጥ፤ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ግድግዳውን አቁስሎ ለኤች አይ ቪ መንገድ ይከፍታል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የማለስለሻው አይደለም። ከቆቦ እስከ ግራና ባለው ሸለቆ ሙቀቱ ይታወቃል፤ በመስኖ ማሳ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲለቅሙ የዋሉ እናቶች በላብ ተጠምቀው ይመለሳሉ። ማታ መታጠባቸው ደግ ነው። ነገር ግን መዓዛ ያለው ሳሙና፣ ውሃ ውስጥ ጠብ የተደረገ ዴቶል፣ ጨው፣ ሎሚ ወደ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ ለውጭው ንጹህ ውሃ ይበቃል። ሙስሊም እህቶቻችን ለሶላት ሲዘጋጁ በውሃ ብቻ መታጠባቸው ለዚህ ጥሩ ልማድ ነው። ቃሪያና በርበሬ የነካ እጅ ግን አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፤ የሚያስቅ ቢመስልም ለዚህ ተብሎ ሐኪም ቤት የተመጣበት ጊዜ አለ። የወይባ ጭስ መሞቅን በተመለከተ፣ ባህሉን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ የሰውነት ሽታውንም እወደዋለሁ። ድርቀትና መሰንጠቅ ያለባት ሴት ግን ሙቀቱና ጭሱ በቀጥታ ብልቷ ላይ እንዳያርፍ ብታደርግ፣ ቁስሉ እስኪሽርም ብትተወው እመክራለሁ።

ማለስለሻ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነዚህን በቱቦ መሸፈን አደገኛ ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ወር አበባ ከተቋረጠ ከዓመት በላይ ቆይቶ ደም ከመጣ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም ኪንታሮት ካለ፣ ቆዳው ነጥቶና ሳስቶ ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ፣ ህመሙም ወደ ሆድ ጠልቆ የሚሰማ ከሆነ ሐኪም ይይዎት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ምንም ባያማቸውም የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረግ አለባቸው። ወር አበባ ለቆመባቸው እናቶች ደግሞ በብልት ውስጥ የሚደረግ ዝቅተኛ መጠን ያለው የኢስትሮጅን ክሬም አለ። ይህ ማለስለሻ ሳይሆን ሕክምና ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ የሳሳውን ግድግዳ ግን መልሶ ያወፍራል። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል፤ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት በተለይ ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ሌላም ህመም አለ። በ2013 ዓ.ም ማብቂያና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወልዲያንና ሐብሩን ሲያዳርስ ጥቃት የደረሰባቸው እህቶች በመካከላችን ይኖራሉ። ሰውነታቸው ገና ሲነኩ ይጨመደዳል፤ የብልት ጡንቻው ይዘጋል። ይህ ድርቀት አይደለም፣ እልኸኝነትም አይደለም። እንዲህ ያለች ሴት ማለስለሻ እየተገዛላት «ቻይው» ልትባል አይገባም። የሚያስፈልጋት የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የጡንቻ ማላላት ልምምድ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ «ዛሬ አይሆንም» ስትል የሚሰማት ባል ነው።

ጤና ቢሮዎቻችንም ይስሙኝ። ኮንዶም በነጻ ስናድል ኖረናል፤ ደግ አድርገናል። አብሮት መሄድ ያለበት በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ግን በብዙ የገጠር ጤና ተቋማት መደርደሪያ ላይ የለም። ግራና ያለች እናት ለአንድ ቱቦ ወልዲያ ድረስ ትሂድ ማለት ቫዝሊኑን ተጠቀሚ እንደማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት በየደጁ እንደሚያስተምሩት ሁሉ ይህንንም በሴቶች መካከል በለሆሳስ ሊያነሱት ይችላሉ። ከእኔ ከወንዱ ሐኪም ይልቅ ለእነሱ እንደሚነገር አውቃለሁ።

አንድ የመጨረሻ የአጠቃቀም ነገር። በቆላው ሙቀት ቱቦውን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ወይም ቆርቆሮው ሥር አያስቀምጡት፤ ከግድግዳ ራቅ ባለ ጥላ ቦታ ይሁን። የአገልግሎት ዘመኑን ሲገዙም ሲከፍቱም ይዩ፤ ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይጣሉት። አፉን ብልት ላይ አያስነኩ፣ በታጠበ እጅ ላይ አፍስሰው ይጠቀሙ፤ ለጎረቤትም ሆነ ለእህት አያውሱ።